በልጆቹ ክፍል ያለው ስንዴ

ሰው ሲያረጅ በቃኝ ማለትን ይማራል ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ገና ያላረጁ ሰዎች ናቸው። እኔ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። አሰላ ውስጥ የራሴ ቤት አለኝ፤ ከጓሮ ያሉትን ሦስት ክፍሎች ለኮሌጅ ተማሪዎች አከራያለሁ፤ አራቱም ልጆቼ ሥራ ይዘዋል፤ የማንም ዕዳ የለብኝም። ይህ ሁሉ እያለኝ ባለፈው ዓመት ባለቤቴን በገዛ እጄ ሞት አፋፍ አድርሻት ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለምክር ቢሆንም፣ መጀመሪያ ምክር የሚያስፈልገው እኔ መሆኔን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሥራዬ የኮምባይነር ኦፕሬተርነት ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ራሴ ነኝ ያስተማርኩት። በመንግሥት እርሻ የጉልበት ሠራተኛ ሆኜ ሳለሁ ሌላው ምሳ ሲበላ እኔ የማሽኑን መመሪያ ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥቼ ሥዕሉን ከብረቱ ጋር አስተያይ ነበር። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ጥርሱን፣ ሰንሰለቱን፣ ወንፊቱን ግን አንድ በአንድ ለየሁት። በሁለተኛው ዓመት ኦፕሬተሩ ሲታመም መሪው ላይ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ አልወረድኩም። ማንበብ ያላስተማረኝ ነገር የለም እያልኩ ልጆቼን ስቆጣ የኖርኩበት ምክንያት ይህ ነው። ያነበበ ሰው አይሳሳትም ብዬ አምን ነበር።

አዝመራ ሲደርስ በአቦምሳ በኩል ካለው ሞቃት አገር እንጀምራለን። ከዚያ ወደ ዲክሲስ እንወጣለን። በቆጂ ብርድ ስለሆነ እህሉ ዘግይቶ ነው የሚደርቅ፤ እሱ የመጨረሻችን ነው። ማሽኑ የደረሰውን እየተከተለ ሽቅብ ይወጣል፣ እኛም አብረነው። በዚያ ሁለት ወር ከምናምን ያገኘነው ዓመቱን ሙሉ ሊያበላን ይገባል። ያኔ ታዲያ የምትጨነቀው ባለቤቴ ነበረች እንጂ እኔ አልነበርኩም። እኔ ኪሴ ሞልቶ፣ አቧራ ለብሼ፣ ለልጆቹ ብስኩት ይዤ እመጣለሁ። እሷ ብስኩቱን አይታ «ለዩኒፎርሙ ምን አሰብክ?» ትለኛለች። «በሚቀጥለው አዝመራ» እላለሁ። «ትምህርት ቤቱ አዝመራ አይጠብቅም» ትላለች። ገንዘብ አምላኪ ናት ብዬ በሰው ፊት ተናግሬባታለሁ። ይህን በመጻፌ አፍራለሁ፤ ግን ብያለሁ።

አሁን ሳስበው የእሷ ጭንቀት ስም ነበረው። ዩኒፎርም ነው፣ ጫማ ነው፣ የወተት ሒሳብ ነው። ዩኒፎርሙ ሲገዛ ያ ጭንቀት ያልቅና ሌላው እስኪመጣ ድረስ ትስቃለች፣ ጎረቤት ትሄዳለች። የእኔ ጭንቀት የመጣው ልጆቹ ሁሉ ከቤት ከወጡ በኋላ ነው። እሱ ስም የለውም። ምን ብገዛለት እንደሚያልቅ አላውቅም።

በልጅነቴ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤታችን እህል ያልቅ ነበር። እናቴ ቁና ይዛ ጎረቤት ደጃፍ ስትቆም፣ እስኪከፈትላት ድረስ አብሬያት ቆሜአለሁ። ይህን ለሰው ስነግር ያዝንልኛል፤ ስንዴ የምታከማቸው ለዚያ ነው ይለኛል። እኔ አልቀበለውም። አርባ ዓመት ሙሉ ያ ፍርሃት የት ሄዶ ነበር? ወጣት ሆኜ፣ ባዶ ቤት እያለኝ ያልፈራሁትን ረሃብ በሞላ ቤት ተቀምጬ ፈራሁት። ልጅነት ለሁሉም ነገር ሰበብ መሆን የለበትም።

ነገሩ የጀመረው ወገቤ ታሞ ከማሽኑ ስወርድ ነው። ዲክሲስ አንድ የቆየ ወዳጅ አለኝ፤ ማሳውን ሃያ ዓመት አጭጄለታለሁ። እኔ ዘርና ማዳበሪያ ገዝቼ፣ እሱ አርሶ፣ ምርቱን እኩል ልንካፈል ተስማማን። የመጀመሪያውን ዓመት ድርሻዬን እንደ ደረሰኝ ሸጥኩ። ክረምት ላይ ገበያ ስወጣ ዋጋው ከሸጥኩበት በጣም ጨምሮ አገኘሁት። በጥር የሸጠ ሞኝ ነው፣ በነሐሴ የሸጠ ብልህ ነው ብዬ ለራሴ ደነገግኩ። በዚያው ሰሞን የመጨረሻዋ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገባች። የልጆቹን አልጋ ፈትቼ ጓሮ አስቀመጥኩና የሁለተኛውን ዓመት ድርሻዬን በጆንያ እዚያ ክፍል አስገባሁ።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ እያየች «ይህ የልጆቹ ክፍል ነው» አለችኝ።

«ልጆቹ ሄዱ።»

«ሲመጡስ?»

«ሲመጡ ሳሎን ይተኛሉ።»

ስምንት ጆንያ ነበር። ወንበሮቹን ስናወጣ አሥራ አምስት ሆነ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ሠላሳ ደርሶ መስኮቱን ሸፈነው። በነሐሴ እሸጣለሁ የምለውን በነሐሴም አልሸጥኩትም፤ ትንሽ ይጨምር ይሆናል እያልኩ፣ አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ ይገባል። ልጆቹ ለገና ሲመጡ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኙ። የልጅ ልጄ በአቧራው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስነጥስ አደረ። በሚቀጥለው ዓመት ለገና አልመጡም፤ ለፋሲካ ለአንድ ቀን መጥተው ማታውኑ ተመለሱ። እኔም የዘንድሮ ልጆች ወላጅ አያከብሩም ብዬ ረጅም ንግግር አደረግኩ።

ነቀዝ የገባ እህል ይሞቃል። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጆንያው ውስጥ እጅን እስከ ክርን አስገብቶ ከውስጥ ሙቀት የተሰማው ሰው እንቅልፉን ይሰናበት። ጧት እገባለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር እገባለሁ፣ ከምሳ በኋላ እገባለሁ። ባለቤቴ «የሕፃን ትኩሳት የምትለካ ትመስላለህ፤ አራቱን ልጆች ስወልድ እንዲህ አልነካካሃቸውም» ብላ ስቃብኛለች።

ባለፈው መጋቢት ሦስቱ ጆንያ ሞቆ አገኘሁት። ገበያ ሄጄ የነቀዝ ክኒን ገዛሁ። ከክኒኑ ጋር ወረቀት አለው፤ ወረቀቱ በአማርኛም ተጽፏል። እኔ ደግሞ ያላነበብኩትን አልጠቀምም። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ አይጠቀሙ ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ክኒኑን በየጆንያው አስገባሁ። በሩን ዘግቼ ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ ወተፍኩበት። ክፍሉና የእኛ መኝታ ቤት የሚለያቸው የጭቃ ግድግዳ ነው። ተሳስቼ ነው እንዳልል አንብቤአለሁ።

በማግስቱ ባለቤቴ ራሷን አመማት። ዐቢይ ጾም ስለነበር «ጾሙ ነው» አልኳት። «የበሰበሰ ዓሣ ይሸተኛል» አለችኝ። ከጓሮ ነው አልኳት። እኔንም ይሸተኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጧት አስታወካት፤ ልትነሳ ብላ ጉልበቷ ከዳትና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ጠቁሮ አይቼ ደነገጥኩ። ከጓሮ ያሉት ተማሪዎች ደግፈው ባጃጅ ላይ አስገቡልኝና ሐኪም ቤት ሄድን።

ያየን ሐኪም ወጣት ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን የሚያክል። ትንፋሿን አሸተተ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አባቴ፣ ቤት ውስጥ እህል ያስቀምጣሉ?» አለኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ግን በዚያች ቅጽበት በሐሳቤ የመጣው ባለቤቴ አልነበረችም። አለ ብዬ ብመልስ አውጥተህ ድፋው ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። ሠላሳ ጆንያ መሬት ላይ ሲደፋ ታየኝ። ዝም አልኩ። ሐኪሙ ጥያቄውን ደገመው። ባለቤቴ ዓይኗን ሳትከፍት «አለ። መድኃኒት አድርጎበታል» አለች። ማድረጌን አልነገርኳትም ነበር።

ተረፈች። ሁለት ቀን ተኝታ፣ ጉሉኮስ ተሰጥቷት፣ በሦስተኛው ቀን በእግሯ ወጣች። ሐኪሙ ሲሸኘን ቤቱን ከፍታችሁ አናፍሱ፣ እህሉ ከሰው ይራቅ አለ። ድፉት አላለም።

በቆጂ አስተማሪ የሆነችው ልጃችን እናቷን ልትወስድ መጣች። ባለቤቴ ቤት አልገባችም፤ ልብሷን ያወጣችላት ልጅቷ ናት። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት «ክፍሉ ባዶ ሲሆን እመጣለሁ» አለችኝ። አልተቆጣችም። በቁጣ ብትለው ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ቁጣዋን አውቀዋለሁ፣ በሁለት ቀን ያልፋል።

ቤቱን አናፈስኩ። ስንዴውን አልሸጥኩም። ሚያዝያ ነው፤ ነሐሴ አራት ወር ነው የቀረው፤ እስከዚያ እሷም አየር ትቀይራለች ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በየቀኑ እደውላለሁ።

«ሸጥከው?» ትለኛለች።

«ዋጋው ገና ነው።»

«እሺ፣ ቻው» ብላ ትዘጋዋለች። ጤናዋን እንኳ እስክጠይቃት አትጠብቅም።

ግንቦት ላይ በቆጂ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ በሚያገኝበት በኩል ወንበር አውጥታ፣ ወፍራም ሹራብ ለብሳ፣ ከልጃችን ጎረቤት ጋር እየሳቀች አገኘኋት። እግሯ ላይ አዲስ ሸራ ጫማ አድርጋለች።

«ስንት ገዛሽው?» አልኳት፣ ሰላምታው ሳያልቅ።

«አልነግርህም።»

«ልጅቷ ናት የገዛችልሽ?»

«እኔ ነኝ። ልጆቹ የሚልኩልኝን አንተ እንደምትቆልል እኔ አልቆልልም፤ እገዛበታለሁ። ምቹ ነው። ከዚህ ሌላ ምን ልንገርህ?»

ያች ሴት ለዩኒፎርም እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት። ጭንቀቷን መንገድ ላይ ጥላው እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ያነሳሁት መሰለኝ። እንዴት እንደጣለችው ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ አልጠየቅኋትም። አባት ሆኖ ያረጀ ሰው መጠየቅ ይከብደዋል።

በማግስቱ ጧት ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ ለሩጫ የሚለማመዱ ወጣቶች ተሰልፈው አለፉ። ባለቤቴ አየቻቸውና «ማንም ሳያባርራቸው ይሮጣሉ። ልክ እንዳንተ» አለች።

«እነሱ ያሸንፋሉ።»

«አንተስ?»

የሯጮቹን ጀርባ በዓይኔ ተከተልኩ። እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «መድኃኒቱን ስላስገባህ አይደለም የመጣሁት። ሰው ይሳሳታል። ሐኪሙ ሲጠይቅህ ዝም አልክ። እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ እስክትመልስ ጠበቅኩህ።»

ልጃችን ሻይ ይዛ መጣች፤ ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። ወደ መናኸሪያ ስትሸኘኝ «አባባ፣ እማዬ እዚህ ብትኖር እኔ ደስ ይለኛል። እርስዎ ብቻዎን እንዴት ይሆናሉ የሚለው ነው የሚያሳስበኝ» አለችኝ። ስለ ዋጋው ላስረዳት ጀመርኩ። አንገቷን ደፍታ አዳመጠችኝ። ትንሽ ልጅ ሳለች ስቆጣት እንዲሁ ነበር የምታደርገው።

ከዚያ በኋላ ወዲያው ሸጥኩት ብል ደስ ባለኝ። አልሸጥኩም። ሌላ አንድ ወር ቆየሁ። ብቻዬን ምግብ አሙቃለሁ፣ ብቻዬን እበላለሁ፣ ተነስቼ ጆንያ እዳስሳለሁ።

በሰኔ የዲክሲሱ ወዳጄ ለገበያ መጥቶ ቤት ገባ። ዙሪያውን አየና «ዲክሲስ ምን እንደሚሉህ ሰምተሃል ኦፕሬተር? ሚስቱን በስንዴ ለወጠ ነው የሚሉህ» አለኝ። እኔን እስከ ዛሬ የሚጠራኝ ኦፕሬተር ብሎ ነው።

«ማነው የሚለው?»

«እኔ ነኝ የምለው፤ ሌላው ደግሞ ይስማማል።»

ይህ ሰው በወጣትነቱ የአዝመራ ገንዘቡን በአንድ የገበያ ቀን ለፈረስ ጌጥ የሚጨርስ ሰው ነበር። ምንም የማይጨንቀው ሰው አሳዩኝ ብባል እሱን ነበር የማሳየው። አሁን ግን የቀረበለትን ሳይበላ እጁን አጠበ። ልጁ ዐረብ አገር ለመሄድ ሁለቱን በሬ አሸጠው፤ ልጁ ከሄደ ስድስት ወር ሆነው፤ ይደውላል፣ ገንዘብ ግን አይልክም። «እንቅልፍ የለኝም» አለኝ። «ያንተን ያህል ስንዴ ቤቴ ቢኖር እተኛ ነበር።»

«እኔም አልተኛሁም» አልኩት።

ተያይተን ሳቅን፤ ሳቁ ቶሎ አለቀ። እሱ ከሌለው የተነሳ፣ እኔ ካለኝ የተነሳ፣ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቀዝቃዛ ወጥ ከበን ተቀመጥን። የእሱ ጭንቀት የሰው ጭንቀት ነው፤ ልጅ ነው፣ በሬ ነው። የእኔን ለእሱ ለማስረዳት ስሞክር ምላሴ ላይ ቀለለብኝ። ለሌላ ሰው ሲነገር የሚያሳፍር ጭንቀት መጣል ያለበት ጭንቀት ነው ብዬ ልጆቼን እመክራለሁ። ምክሩን ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

እሱ እንደወጣ ነጋዴ ጠራሁ። ጫኝና አውራጆች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨረሱት። ስንዴው በሚገባ ነፍሶ ስለነበር ችግር አልነበረውም፤ ሦስቱን የተበላ ጆንያ ግን ነጋዴው አልቀበልም አለ፤ ለከብት መኖ ሰጠሁት። የመጨረሻው ጆንያ ሲነሳ መስኮቱ ወጣ። ሰባት ዓመት ስላልተከፈተ ተጣብቆ በመዶሻ ነው ያላቀቅኩት። ወለሉን ሁለት ጊዜ አጠብኩ። ከዚያ በቆጂ ደወልኩ።

«ሸጥኩት።»

«ሁሉንም?»

«ሁለት ኩንታል ለመብል አስቀርቻለሁ። ኩሽና ነው ያለው።»

«እሱ ይሁን» አለች።

በሳምንቱ መጣች፤ የያዘችው አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። «ሌላው ልብስሽስ?» አልኳት። «እዚያው ይቆይ» አለችኝ። ክፍሉን ከበር ላይ ሆና አየችው፤ አልገባችም። አልጋ እንደገና ተገጠመለት፤ እሱም ላይ ምንም አላለችም። ክረምቱን በሙሉ አብረን ስንኖር እንግዳ የማስተናግድ ነበር የሚመስለኝ። ጨው ሲያንስ እንኳ «ይበቃል» እላለሁ።

ነሐሴ ላይ ዋጋው ጨመረ። ይህን የማውቀው ገበያ ሄጄ ስለጠየቅኩ ነው። መሄዴን ለማንም አልተናገርኩም። ስገባ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ሳትል «ስንት ገባ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የሄድክበት።»

ነገርኳት። ልዩነቱን ለማስላት አፌን ስከፍት «አታስላው» አለችኝና ጎመኑን ቀጠለች። አላሰላሁም። በአፌ አላሰላሁም ማለቴ ነው።

ታኅሣሥ ላይ የዲክሲሱ ወዳጄ ደወለ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ልብሷ እስከዚያ ቀን ድረስ በቆጂ ነው። ወዳጄ ጮክ ብሎ ስለሚናገር ሁሉንም ትሰማለች።

«ኦፕሬተር፣ አጭደን ጨረስን። ድርሻህ የት ይራገፍ?»

«እዚያው ሽጥልኝ» አልኩት። «የምንበላውን ብቻ ላክልኝ።»

«የምትበሉት ስንት ነው?»

አርባ ዓመት ስንዴ አጭጃለሁ። አንድ ማሳ ስንት ኩንታል እንደሚወጣው ዳር ቆሜ በዓይኔ እገምታለሁ። ሁለት ሽማግሌዎች በዓመት ስንት እንደሚበሉ ግን አላውቅም ነበር። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

«ሦስት» አለች።

«ሦስት ምን ይሆናል? እንግዳ ቢመጣስ? ልጆቹ ለገና ቢመጡስ?»

«ሦስት።»

«አምስት እንበል።»

ነጠላዋን ከወንበሩ ጫፍ አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ወዴትም አልሄደችም፤ ግን አየሁት።

«ምን እየተባለ ነው?» ይላል ወዳጄ በስልክ።

«ሦስት ተኩል» አልኩት።

«ግማሿ ለማን ናት?»

«ለኔ ናት» አልኩ። «ሕመም ናት፤ ተዋት።»

ባለቤቴ አየችኝ። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ዘጋችውና በቆጂ ደወለች። ልጃችንን ልብሷን በሚመጣው መኪና እንድትልክላት፣ ወፍራሙን ሹራብ እንዳትረሳው ስትነግራት ሰማሁ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነስቼ ወደ ልጆቹ ክፍል ሄድኩና ሦስት ኩንታል ተኩል በየትኛው ጥግ እንደሚቆም በእርምጃ መለካት ጀመርኩ።

«ኩሽና» አለችኝ ከኋላዬ፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ።